ከዱባይ የመጣው የመኪና ሰም

ፈንታሁን ዕድሜውን ያሳለፈው ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሰው ሲያመላልስ ነው። መኪናው ጥቁር ሰማያዊ አሮጌ ኮሮላ ናት። ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ደሴ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈሩ ይነሳና የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ሹራቡን አውልቆ ኋላ ይወረውራል፤ አመሻሽ ላይ ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ይለብሳል። ከባለቤቱ ከአትጠገብ ጋር ልጆቻቸውን ያስተማሩት፣ እናቱን ያሳከሙት በዚህችው መኪና ነው። ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው፤ ተሳፋሪ ሲያጣድፈው እንኳ «እንደርሳለን፣ አይዞህ» ከማለት በቀር ፍጥነት አይጨምርም።

አጥር የሚጋራቸው ጎረቤቱ ጋሽ መሕሙድ ይባላሉ። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ፔዳል መርገጥ ሲያቅተው ሥራውን ትተው አንዲት ላምና ጥቂት ዶሮዎች ይዘው ቤት ዋሉ። ሚስታቸው ሞተዋል። ያለቻቸው ልጅ ዘምዘም ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ፈንታሁንና እሳቸው በፋሲካም በአረፋም አንዱ ያንዱን ቤት ሳያይ አይውልም።

ጦርነቱ ወደ ደሴ በተጠጋ ጊዜ የፈንታሁን መኪና ካምቢዮዋ ለጥገና ወርዶ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። የሚቀየረው ዕቃ ከአዲስ አበባ እየተጠበቀ ነው። የመድፉ ድምፅ ሲቀርብ ፈንታሁን ሚስቱንና ልጆቹን በሰው አይሱዙ ላይ ሊጭን ተነሳ። ዓይኑ ግን ከመኪናዋ አልነቀል አለ። ጋሽ መሕሙድ ይህን አይተው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

«ወደ እኔ ግቢ ግፏት» አሉት።

«እርስዎስ? አብረን እንሂድ እንጂ!»

«በዚህ ጉልበት የት እደርሳለሁ? ላሟንስ ለማን ልተዋት? ሂዱ፣ አላህ ይከተላችሁ። አብሽር፣ መኪናህን ለኔ ተዋት።»

ጎረቤት ተረባርቦ ገፋትና ከጋሽ መሕሙድ ጓሮ አስገባት። ቤተሰቡም ሄደ።

ከተማው ተረጋግቶ ሰው ወደየቤቱ መመለስ ሲጀምር ፈንታሁን ቀድሞ ብቻውን መጣ። የቤቱ በር ተገንጥሏል፤ ፍራሽና ቴሌቪዥን የለም፤ የልጆቹ ጫማ እንኳ ተወስዷል። ስለ መኪናዋ ለመጠየቅ አፉን መክፈት ፈራ። ጋሽ መሕሙድ ከስተው፣ ፂማቸው አድጎ፣ ግን በሕይወት ነበሩ። እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ጓሮው ውስጥ ትልቅ የጭድ ክምር አለ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጭዱን በእጃቸው ይገፉ ጀመር። መጀመሪያ የግራው ስፖኪዮ ወጣ። ቀጥሎ መስታወቱ። ጣሪያው ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች፤ ብትገፋም አልነሳ አለች።

«የገባባት እሷ ብቻ ናት» አሉ ጋሽ መሕሙድ። «ዘራፊዎቹ ሁለቴ መጥተው ግቢውን ፈትሸዋል። ጭዱን ለላሜ ያከማቸሁት መስሏቸው ሄዱ።»

ፈንታሁን ኮፈኑ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ ሽማግሌውን አቀፋቸውና እንደገና አለቀሰ። መንገድ ላይ ሁሉ የተቃጠሉና የተገፈፉ መኪናዎች ሲያይ ነበር የመጣው።

ካምቢዮዋ ተገጥሞላት መኪናዋ ሥራ ጀመረች። ቀለሟ ግን ተጎድቶ ነበር። ጭዱ ጤዛ እየጠጣ በስብሶ ኮፈኑንና ጣሪያውን አመድማ አድርጎታል፤ የዶሮ ኩስ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ነጠብጣብ ጥሏል። ፈንታሁን ጉዳዬ አላለውም። ሞተሯ ይሠራል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተመልሰዋል፤ ሌላው ምን ያደርግለታል? ጋሽ መሕሙድ ግን በየማለዳው በራቸው ላይ ተቀምጠው መኪናዋ ስትወጣ ያያሉ። ያ ነጠብጣብ ይከነክናቸዋል። የሰው ንብረት አደራ ተቀብዬ አበላሽቼ መለስኩ የሚል ሐሳብ ሆዳቸው ገባ። ለፈንታሁን ግን አንድም ቀን አልተናገሩም።

ለዘምዘም ነገሯት። እሷም የአሠሪዎቿን ሾፌር ጠየቀችው። «ለመኪና ቀለም ከሁሉ የሚበልጠው ምንድነው?» ሾፌሩ ጌታው ለውድ መኪኖቻቸው የሚያስቀቡትን ሰም ነገራት። ዘምዘም ሄዳ ገዛችውና ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከችው። ክብ ቆርቆሮ ናት፣ መዳፍ የምታክል፣ በጨርቅ ከረጢት የተጠቀለለች። ጋሽ መሕሙድ በሁለት እጃቸው ይዘው አጥሩን ዞረው መጡ።

«መኪናህን ወደ ጥንቷ ይመልስልሃል አሉ» አሉት። ዓይናቸው እንደ ልጅ ያበራ ነበር።

ፈንታሁን በማግስቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወደ እየሩስ ላቫጆ ጎራ አለ። እየሩስ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመኪና ማጠቢያውን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ቅዳሜን ሙሉ ስትሠራ ውላ እሑድ ጸሎት ቤት የምትዘምር ሴት ናት። ሰሙን ከፈንታሁን እጅ ተቀብላ አገላበጠችው።

«ይሄን ማን ሰጠህ?»

«ጎረቤቴ። ምነው፣ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ጥሩማ ጥሩ ነው። ግን ፈንትሽ፣ በዚህች ቆርቆሮ ዋጋ ለመኪናህ አራት አዲስ ጎማ ትገዛለህ።»

ፈንታሁን ጎማዎቹን ዞር ብሎ አየ። ጥርሳቸው አልቆ መላጣ ሆነዋል። ክረምት እየመጣ ነው፤ ሐረጎ ደግሞ ሲዘንብ ይንሸራተታል። አጠገባቸው ጀሚል የሚባል የሠርግ መኪና አከራይ ጥቁር መኪናውን እያሳጠበ ነበርና ወሬውን ሰምቶ ቀረበ።

«ሽጥልኝ» አለው። «ወላሂ ሳልከራከርህ እወስደዋለሁ። የኔ መኪና ከሽፋን ስር ወጥታ ለሙሽራ ነው የምትሄደው፣ ዋጋውን ትመልስልኛለች። አንተ አቧራና ጭቃ ላይ ምን ይሠራልሃል?»

ፈንታሁን «ላስብበት» ብሎ ወደ ደሴ ተመለሰ። ነገሩን ለአትጠገብ ሲያጫውታት ሥራዋን ሳታቋርጥ አዳመጠችውና፣ «ጎማ ያስፈልገናል፣ እውነት ነው» አለች። «ግን ነገ ጠዋት ጋሽ መሕሙድ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩህ ምን ልትላቸው ነው?»

ፈንታሁን በማግስቱ ሰሙን ይዞ እየሩስ ጋ ተመለሰ።

እየሩስ መኪናዋን አጥባ ካደረቀች በኋላ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈችና ራሷን ነቀነቀች። «ሰም ያለውን ቀለም ይጠብቃል እንጂ የተበላውን አይመልስም» አለችው። «መጀመሪያ መፈተግ አለበት። እሱን ሳላደርግ ብቀባልህ ገንዘብ ማባከን ነው።» ከዚያ የመፈተጊያ ቅባቱን በጨርቅ ይዛ ሥራ ጀመረች። አመዱ ቀስ በቀስ እየለቀቀ ሰማያዊው ከሥር ብቅ አለ። ከቢጫዎቹ ነጠብጣቦች አንዳንዶቹ ቢቀሩም አብዛኞቹ ጠፉ። ፀሐዩ ዘንበል ሲል ፈንታሁን የራሱን ፊት ኮፈኑ ውስጥ አየ። ሰም ገና አልተነካም።

«ታዲያ አሁን ሰሙ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይሄ እንዲቆይልህ። እኔ ለደንበኞቼ የምቀባው ርካሹን ነው። ከፈለግህ ቀኙን ግማሽ በአንተ፣ ግራውን በእኔ ልቀባና ክረምቱ ራሱ ይፍረደን።»

ፈንታሁን ሳቀና እሺ አለ። ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ላይ ዝናብ ያዘው። ውሃው ኮፈኑ ላይ እያረፈ፣ እየተድበለበለ፣ በቀኝም በግራም እኩል ይወርድ ነበር። የትኛው ውድ፣ የትኛው ርካሽ እንደሆነ የሚለይ ዓይን አልነበረውም።

ጋሽ መሕሙድ መኪናዋን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሱብሃነላህ! ይህቺ ያቺ ናት?» እያሉ ዞሯት። ወዲያው ዘምዘም ጋ አስደወሉና፣ «ልጄ እደጊ! ያንቺ መድኃኒት ሠራ!» ብለው በስልክ ጮኹ። ፈንታሁን ስለ መፈተጉ አላነሳም። የሠራው የእየሩስ ክንድ እንደሆነ ቢነግራቸው ደስታቸውን የሚነጥቅ መሰለው።

ክረምቱ ገባ። መኪናዋ የደሴን ጭቃ፣ የኮምቦልቻን አቧራ፣ የከባድ መኪናዎቹን ጭስ ስትለብስ፣ እየሩስም ስታጥባት ከረመች። ነሐሴ ገደማ አንድ ማለዳ ፈንታሁን መስታወት ሲወለውል ጋሽ መሕሙድ ጠሩት።

«ፈንታሁን፣ ና እስቲ። ሰሞኑን ሳየው፣ በዚህ በኩል ውሃው እንደ ዶቃ ይንከባለላል፣ በዚያ በኩል ግን ይተኛል። ይሄ ምንድነው?»

ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ስፌት ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው ዓይን አያመልጥም። ፈንታሁን ከእንግዲህ መደበቅ አልቻለም። አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው። መፈተጉን፣ የግማሽ በግማሹን ነገር፣ የጎማውን፣ ጀሚል ሽጥልኝ ማለቱን።

«እና የልጄ ሰም በለጠ?»

«በልጧል ጋሽ መሕሙድ። የእየሩስ ቀድሞ ለቀቀ፣ የዘምዘም ጥቂት ሳምንት ቆየ። እሱም ቢሆን መስከረም የሚደርስ አይመስለኝም።»

«ዋጋውን ግን አያወጣም በለኛ።»

«ለእንደኔ ያለ መኪና አያወጣም። አልዋሽዎትም።»

ጋሽ መሕሙድ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔኮ ያን ቀለም ሳይ ዓመት ሙሉ ስቃጠል ነበር። አደራህን አበላሽቼ ሰጠሁህ ብዬ።»

ፈንታሁን ደነገጠ። ይህ ሁሉ ጊዜ አጥሩ ወዲያ ማዶ እንዲህ ያለ ሐሳብ ተቀምጦ እንደነበር አላወቀም። እጃቸውን ያዘ።

«ጋሽ መሕሙድ፣ ማርያምን እልዎታለሁ፣ ያን ቀን እኔ ቀለም አላየሁም። ያየሁት የልጆቼ እንጀራ መትረፉን ነው። እርስዎ ለእኔ መኪና ሲሉ ነፍስዎን ሰጥተው ነበር። ቢያገኟት ምን ያደርጉዎት ነበር? እኔ ለዚህ ምን ከፍዬ እንደምጨርስ ሳስብ፣ እርስዎ ስለ ነጠብጣብ ይጨነቃሉ?»

ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ግን ተቆጡ።

«ቆይ፣ ቆይ። በመላጣ ጎማ ነው በዚህ ዝናብ ሐረጎን የምትወጣው የምትወርደው?»

«ምን ላድርግ?»

«የቀረውን ለዚያ ለሠርጉ ሰውዬ ሽጥለት! ለሱ ከጠቀመው ይጥቀመው። ላንተ የሚጠቅምህን ግዛበት። ለዘምዘም እኔ እነግራታለሁ።»

እንዲሁ ሆነ። ጀሚል ከግማሽ በላይ የቀረውን ቆርቆሮ ደስ ብሎት ወሰደ፤ ፈንታሁንም ትንሽ ጨምሮበት የፊቶቹን ጎማዎች ቀየረ። ጋሽ መሕሙድ በዚህ አላበቁም። ላሟን ሸጠዋት ጓሮው ባዶ ነበርና እዚያ ላይ ለመኪናዋ ጥላ እንዲሠራ አስገደዱት። ሁለቱ ቅዳሜና እሑድ አጠና አቁመው ቆርቆሮ መቱ። ጋሽ መሕሙድ ሚስማር እያቀበሉ «ጠማማ ነው፣ አቃናው» ይላሉ፣ ፈንታሁን ያቃናል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ፀሐይም ውርጭም አያገኛትም። እየሩስ አልፎ አልፎ በርካሹ ሰም ታብሳታለች፤ ቀለሟም ያው እንደተፈተገች አለ። ሰው ስለ ውድ ሰም ሲጠይቀው ፈንታሁን የሚመልሰው አንድ ነው፦ «ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ጥላ ሥራላት።»

ዘንድሮ ዘምዘም ለእረፍት መጣች። ፈንታሁን ጋሽ መሕሙድን ከፊት አስቀምጦ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሻንጣዎቹን ጫነ። መንገድ ሲጀምሩ ዘምዘም ከኋላ ሆና፣ «ፈንታሁን፣ ሰሙ ከንቱ ነበር አሉኝ አባባ» አለችው።

«ከንቱ አልልም። ግን ያን ያህል ልትጎጂ አይገባሽም ነበር። ለአባትሽስ ይሁን፤ እኔ ምን ቤት ነኝና?»

«ምን ቤት ነኝ ትላለህ?» አለች። «ስልክ ጠፍቶ ስንት ጊዜ አባባ ይኑሩ ይሙቱ ሳላውቅ ቆየሁ። ሌሊት ሌሊት እያለቀስኩ ቀን እሠራ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አንተ ነህ የደወልከው። ‹ዘምዘም፣ አባትሽን አገናኝሻለሁ› ብለህ ስልኩን ሰጠሃቸው። ያን ዕለት ይህን ሰውዬ አንድ ቀን በጣም ውድ በሆነ ነገር አመሰግነዋለሁ ብዬ ነበር። ሱቅ ገብቼ ከሁሉ የሚበልጠውን ሰም የገዛሁት ለዚያ ነው።»

ፈንታሁን ደውሎላት እንደነበር ረስቶታል። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ያለበትን ቦታ ፈልጎ ለስንቱ ሰው ደውሏል። ፍጥነቱን ቀነሰ። ጋሽ መሕሙድ አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ እያሉ ጉልበታቸውን ያሻሉ።

ሐረጎ ላይ ጉሙ ወርዶ ነበር። ዘምዘም መስኮቱን ከፍታ እጇን አወጣች፤ ብርዱን ናፍቄ ነበር አለች። ቧንቧ ውሃ ሲደርሱ አትጠገብ ከልጆቹ ጋር ጃንጥላ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበርና፣ መኪናዋ ገና ሳትቆም ሮጣ በሩን ከፈተችው።