በጀሶው ሐውልት ላይ የነበረው ፊት

ሰሞኑን ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ቤቴ አጠገብ ጎረቤቴ ግድግዳውን በጀሶ ሲያስለስን፣ የረጠበው ጀሶ ሽታ ገብቶ መስኮቱን አስዘጋኝ። ለሌላ ሰው የአዲስ ቤት ሽታ ነው፤ እኔን ግን፣ የልጅ ልጅ ያየሁትን ሴትዮ፣ አልጋ ሥር መደበቅ ወደሚያምራት ሕፃን ይመልሰኛል።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ነቀምቴ የመጣ የሥዕል አስተማሪ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት በተመረቀ በዓመቱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አባቴን ጠርቶ፣ ለአብዮት በዓል የሐውልቱን አምሳያ ሠርተህ አዳራሹ ውስጥ ታቆማለህ አለው። እምቢ የሚባል ነገር በዚያ ዘመን ስላልነበረ፣ አባቴ ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠች መዳፍ የማትሞላ ፎቶ ይዞ መጣና ጓሯችን ውስጥ ሥራውን ጀመረ። የባሕር ዛፍ ግንድ ዓምድ ሆነ፣ የአሮጌ ቆርቆሮ ቁራጭ ኮከብ ሆነ፣ የእናቴ ወንፊት ደግሞ ጀሶ ሊነፋበት ሄዶ በዚያው ቀረ።

እየሠራ ትርጉሙን ይነግረኝ ነበር፦ ወደ ሰማይ የተመዘዘው ዓምድ የሕዝቡ ትግል ነው፣ መዶሻና ማጭዱ ሠራተኛውና ገበሬው ናቸው፣ በግራና በቀኝ የተዘረጉት ግድግዳዎች ላይ ያሉት ደግሞ ይህን ሁሉ ያዩና ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ቀዩ ኮከብ ለምን እንደዚያ ከፍ እንዳለ ስጠይቀው እናቴ ቀደም ብላ «እንዳይደረስበት ነዋ» አለች፤ አባቴ ክው ብሎ በአጥሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አየና «ልታስጨርሽን ነው?» አላት። ቤታችን ውስጥ ቀልድ እንኳ የሚነገረው አጥር ታይቶ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከግድግዳዎቹ ነው። በዚያች ትንሽ ፎቶ ላይ የሰዎቹ ፊት አይለይም፤ ስለዚህ አባቴ ፊቶቹን ከራሱ መፍጠር ነበረበት። ለገበሬው የጎረቤታችንን ጉንጭ፣ ለሴትዮዋ የእናቴን አፍንጫ ሰጣቸው። ሊቀ መንበሩም ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ ሥራው የት ደረሰ እያለ በየከሰዓቱ እየመጣ ጢሙን በደንብ እንዲታይ አድርጎ ይቆም ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ለአባቴ ውሃ ይዛለት ወጣችና ችቦ ከያዘው ሠራተኛ ምስል ፊት ደርቃ ቀረች።

«ይሄ እኮ ቶሌራ ነው» አለች በሹክሹክታ።

ጋሼ ቶሌራ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ፣ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ከክፍል እንደወጣ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ከፍ አድርጎ የጠራው የለም። ሚስቱ፣ በኦሮምኛ ለክብር አዴ የምንላት ጫልቱ፣ ፍተሻ ሲመጣ የነበሩትን ፎቶዎቹን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨምራለች። አሁን ግን ቅንድቡን የሚከፍለው ጠባሳ ሳይቀር ከነፈገግታው ከጀሶው ላይ ያየናል።

አባቴ ራሱ ያን ጊዜ ገና ያየው ይመስል ቢላውን አንስቶ ሊፍቀው ተጠጋ፤ ከዚያ እጁ ወረደና መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እነሱ አጠፉት፤ እኔም ልድገመው?» አለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በማግስቱ የቀበሌው ሰዎች መጥተው ሐውልቱን ጭነው ወደ አዳራሹ ወሰዱት።

እስከ በዓሉ ድረስ በራችን በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ነበር። በዓሉ ሲደርስ ከበላይ የመጣ ካድሬ አዳራሹ ውስጥ ሐውልቱን እየዞረ አየና፣ ከዚያ ሁሉ ፊት መካከል ጣቱን ቀጥ አድርጎ የጋሼ ቶሌራ ፊት ላይ አሳረፈ።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ ማነው?»

የአባቴ አንገት በላብ ሲርስ ከኋላው ሆኜ አያለሁ። «ሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጓድ» አለ።

«ቅንድቡ ላይ ያለውስ?»

«የጭቆና ጠባሳ ነው።»

ካድሬው ጣቱን አነሣና «ግሩም!» አለ። ገና ትንፋሼን ሳልመልስ የሴቶች ማኅበር አባላት ተሰልፈው ገቡ፤ ከመካከላቸው አዴ ጫልቱ አለች። ግድግዳው ጋ ስትደርስ እግሯ ተያዘ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። አንድ ቃል፣ አንድ ስም ከአፏ ከወጣ አባቴ እንዳለቀለት ሁላችንም እናውቃለን። አዴ ጫልቱ መዳፏን ቀስ አድርጋ የጀሶው ጉንጭ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ እልል አለች። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ እልል አለች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ካድሬው አጨበጨበ። ስትወጣ በአባቴ አጠገብ አለፈችና ሳታየው «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» አለችው፤ አምላክ ይባርክህ ማለቷ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አዳራሹን በፈቃዴ ልጥረግ ብላ ጠየቀች። ሊቀ መንበሩ በየስብሰባው ለምሳሌነት ይጠራት ነበር። አባቴ ግን ዳግመኛ የሰው ፊት አልሳለም፤ ተማሪዎቹን ማሰሮና ቅጠል እያሳለ ጡረታ ወጣ።

መንግሥት ሲለወጥ ወጣቶች ገብተው መጀመሪያ ኮከቡን፣ ቀጥሎ ሁሉንም ሰባበሩት። አዴ ጫልቱ ያን ጊዜ ሲሬ ከተማ እህቷ ዘንድ ነበረች፤ መንገድ ተከፍቶ በአውቶቡስ እስክትመጣ ስብርባሪው ተጭኖ ወጥቶ የመንገድ ጉድጓድ ተሞልቶበታል። ቦታውን አሳዩኝ አለች። እናቴ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ጭቃው ላይ መኪና ሲመጣ ዳር እየያዘች፣ ሲያልፍ እየተመለሰች ብዙ ቆመች። አላለቀሰችም። በመጨረሻ «ለሁለተኛ ጊዜ ሳልሰናበተው ሄደ» ብላ ወደ መናኸሪያው ሄደች፤ ተመልሳም አልመጣች።

አዲስ አበባ ሄጄ ዋናውን ሐውልት አይቻለሁ። ከግርጌው ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አየሁ፣ ከዚያ በግድግዳዎቹ ላይ የተቀረጹትን ፊቶች አንድ በአንድ አየሁ፤ ያማሩ ናቸው፣ የማውቀው ሰው ግን የለባቸውም። አባቴ የለም፣ እናቴም የለችም፣ አዴ ጫልቱም አርፋለች አሉ። ያንን ፊት ከሚያውቁት የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ መሳል አልችልም።