በየወሩ በአሥራ ሁለት

ያንን የሌሊት ዘበኛ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚጠብቀው ሰው ማን ይሆን? እንጅባራ ላይ ለሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር የምትጽፈው አፊያ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሰውዬው የሌሊት ጥበቃውን ጨርሶ፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በማለዳ መጣ። አዲስ ሥራ ያገኘበት የውጭ ድርጅት፣ የሚገኝበትንና የማይገኝበትን ቀን በእንግሊዝኛ ጽፈህ አምጣ ብሎታል።

«በወሩ በአሥራ ሁለት ብቻ አልገኝም በይልኝ፣ ልጄ።»

«ኦን» ብላ እንግሊዝኛውን ጀመረች።

«ሰፈራችን ያለው መምህር ‹ኢን› ነው ብሎኛል።»

«እሱ ለወር ነው፣ አባባ! ለቀን ‹ኦን› ነው።»

«‹አት›ስ?»

«ለሰዓት!»

እንዲህ ጨጓራዋን ሲልጣት ቆይቶ በስንት መከራ ተስማሙ። ያኔ ደግሞ የባሰው ትዝ አላት፤ የእሱ አሥራ ሁለት የፈረንጆቹ አሥራ ሁለት አይደለም፤ ቀኑ በየወሩ ይለዋወጣል።

«አባባ፣ ይቺን ቀን ቢተዉዋትስ? ሥራው እንዳያመልጥዎ።»

«ሥራው ይቅር፤ የምትጠብቀኝ አለች» አለና ፌስታሉን ወደ ደረቱ ሳበ። ውስጡ አንድ ሳሙናና አዲስ የሴት ማበጠሪያ ይታያል።

አፊያ እያጉረመረመች የግድግዳውን ካላንደር አወረደች፤ የአሥራ ሁለቱንም ወር ቀን አንድ በአንድ አመሳክራ ጻፈች። «ይፈርሙ» ልትለው ዞር ስትል ፌስታሉን እንዳቀፈ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።