በር ሲዘጋ የማይሰማበት አገር

ባሌ ስለ አውሮፓ ትምህርት ቤቶች ከጀመረ የሚያቆመው አልነበረም። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የተማረው የትምህርት ፖሊሲ ታሪክ ነው፤ አገር ቤትም መምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል። ካናዳ፣ ካልጋሪ ስንገባ ግን እንዲህ ያለ ዕውቀት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አልተገኘም። መጋዘን ገብቶ ፎርክሊፍት ይነዳ ጀመር። ማስተማሪያ ሆና የቀረችለት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ የምንጠጣባት የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ብቻ ነበረች።

ጊዜው የነዳጅ ገንዘብ ከተማዋን ያሰከረበት ነበር። መሀል ከተማው በክሬን ተወሯል፤ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ያልለጠፈ ምግብ ቤት አልነበረም፤ የቤት ሬንቱም አብሮ ይወጣል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ኪችን ውስጥ የጠዋት ሺፍት፣ እሱ የማታ። ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ባለችው ቤታችን ሁለታችን የምንተያየው እሑድን ጠብቀን ነው። ያቺኑ አንድ ቀን ለሰው ማደሉ ያናድደኝ ነበር። ግን እዚያ ምድር ቤት ሲናገር ፊቱ ይበራል፤ ስለዚህ ዝም እላለሁ።

ከምእመኑ አውሮፓ ዘመድ የሌለው አልነበረም። “ጋሼ፣ እህቴ ከስዊድን ወደ ጀርመን ልትዛወር ነው፤ ለልጆቿ የቱ ይሻላታል ይላሉ?” ይሉታል። እሱ የወረቀት ኩባያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ይቺ ጀርመን ናት፤ በአብዛኛው አራተኛ ክፍል ሲያልቅ፣ ልጁ ገና የአሥር ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ትምህርት ቤት ለዚህ፣ የእጅ ሙያው ለዚያ ብላ ትለያለች። ይቺ ስዊድን፤ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሞክራ ሁሉንም ልጅ ዘጠኝ ዓመት አንድ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል አለች። እንግሊዝ በአሥራ አንድ ዓመት ትፈትን ነበር፤ አብዛኛው ክፍሏ ሲተወው አንዳንዱ አውራጃ እስከዛሬ ሙጭጭ ብሏል። ፈረንሳይ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ለሁሉ ብላ አወጀችና ጎበዙን በጓሮ በር ለብቻው ታስቀምጠዋለች። “እኔ የተማርኩባት ደግሞ” ይላል እየሳቀ፣ “ሁሉንም አንድ ላይ አስተምራ ስታበቃ፣ ወደ ላይ የሚያልፈውን ስትመርጥ የቤተሰቡን ታማኝነት ጭምር ታይ ነበር።”

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራል። “አገር ስትመረምሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። በሩ በስንት ዓመት ይዘጋል? የሚዘጋውስ ማን ነው? ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።” ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እኔም፣ አልዋሽም፣ እኮራ ነበር።

የገዛ እህቱ ጀርመን ናት። እኛ ካልጋሪ በገባን ሰሞን ልጇን በአሥር ዓመቷ ዝቅተኛው ትምህርት ቤት መደቡባት። ባሌ የሰው ሞት የተረዳ ይመስል ቤት ዋለ። “ሕፃን ላይ እንዴት ይፈረዳል? አለቀላት እኮ!” እያለ ከሳሎን ኪችን ይመላለሳል። እህቱ አልተማረችም፣ መጻፍ አትችልም፣ ሆቴል ታጸዳለች፤ ምን ታደርጋለች ብሎ አዘነላት። እኔም አዘንኩ። የኛ ልጅ የመጣው ካናዳ ነው ብዬ በልቤ ተመስገን አልኩ።

ልጃችን ሲመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። እንግሊዝኛው ቢያስቸግረውም ሒሳብ አይፈራም። የቤተ ክርስቲያኑ ሚክሰር ተበላሽቶ ዘማሪዎቹ ድምፅ ሲያጡ ከፍቶ ያስተካከለው እሱ ነው። ኢንጂነር እሆናለሁ ይል ነበር፤ ይህን ሲል ፈገግ እንኳ አይልም፤ የወሰነ ሰው ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ ከእግዚአብሔር የለመንኩት ነገር አልነበረም።

ዘጠነኛ ክፍል ሊጨርስ ሲል የትምህርት ቤቱ ካውንስለር፣ የተማሪዎች አማካሪዋ፣ አስጠራችን። ደግ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከረሜላ አለ፤ ውሰዱ አለችን። ልጃችሁ የእጅ ሥራ ይወዳል፣ እንግሊዝኛውም ገና ነው፣ ሃይስኩል ሲገባ እንዳይጨነቅ ማት ፎርቲንና ሳይንስ ፎርቲን ብናስገባው ምን ይመስላችኋል አለች። በር፣ መዝጋት፣ መለየት የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ይኸው ነው። ልጃችን መሀላችን ተቀምጦ እሷን ሳይሆን አባቱን ያያል። ባሌ ከወንበሩ ብድግ አለና በሁለት እጁ ጨበጣት። “ታንክ ዩ። ታንክ ዩ ቬሪ ማች” አላት።

መኪና ውስጥ “ፎርቲን ምንድን ነው?” አልኩት። የጎረቤቶቻችን ልጆች የሚወስዱት ማት ቴን ነው፤ አሥራ አራት ከአሥር ስለሚበልጥ የኛ ልጅ ከፍ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዝቅተኛው እሱ ኖሯል። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ባሌ “ስም ነው” አለኝ። “ምነው አልጠየቅካት?” ስለው ተቆጣ። “አስተማሪ በሌላ አስተማሪ ሥራ አይገባም። እኔስ አስተምር በነበረበት ጊዜ የወላጅ ጭቅጭቅ አይደል ያቃጥለኝ የነበረው?” አለ። መምህር የተናገረውን መጠየቅ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ጠረጴዛ ዘረጉ። ልጄ ኢንጂነሪንግ ካለበት ሄዶ ጠየቀ። እዚያ የቆመችው ልጅ የወሰዳቸውን ትምህርቶች ሰማችና፣ እየሳቀች፣ እነዚህ እኛ ጋ አያስገቡም አለችው። ቤት መጥቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኪችን ቆሞ ነገረን። ያኔ ባሌ ጮኸ። ትምህርት ቤቱ ጋ ደወለ፣ ሄደ፣ ስለ ስዊድን ሳይቀር ነገራቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እነሱ በትሕትና አዳመጡትና “በሚቲንጉ ላይ ተስማምተን ነበር እኮ” አሉት። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ባሌ ኩባያ አልደረደረም፤ ሰው ሲጠይቀው “እኔ ምን አውቃለሁ” ይላል።

ልጄ ሰሜን ሄዶ የነዳጅ መቆፈሪያ ሪግ ላይ ሥራ ገባ። በነዚያ ዓመታት ለዚህ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን “እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ከኢንጂነር የበለጠ ነው የሚያገኘው” ይሉኝ ነበር። እኔ ጥርሴን ነክሼ አሜን እላለሁ። ለዕረፍት ሲመጣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ተኝቶ ይውላል፤ ሚክሰሩን ሌላ ሰው ያዘው፤ አምልኮውንም ተወ። ከዚያ የነዳጁ ዋጋ ወደቀ። ከሪጉ ሌይኦፍ ተደረገና፣ ሥራው አልቆ፣ ተመልሶ ቤታችን ቤዝመንት ገባ። የሚጠጣ ይመስለኛል። ወርጄ ለማየት ግን አቅም አጣሁ።

አንድ እሑድ የባሌ እህት ከጀርመን ደወለች። ስፒከር ላይ አድርጎት ነበርና እልልታዋ ቤቱን ሞላው። ያቺ አለቀላት ያልናት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። “እንዴት አድርገሽ?” አላት ባሌ። “በየዓመቱ እየሄድኩ ጮህኩባቸው ጋሼ። ከዝቅተኛው ወደ መካከለኛው አሻገሯት፣ ከዚያ ደግሞ በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በኩል ዩኒቨርሲቲ። ሰለቸኋቸው መሰለኝ” አለች፤ ሳቀች። ያኔ ነው የገባኝ። ጀርመን በሩን ፊትህ ላይ ጓ አድርጋ ነው የምትዘጋው፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ያንኳኳል። እኛ ጋ ግን ከረሜላ አቅርበው ነው የዘጉት።

ልጄ ውሃ ሊጠጣ ከቤዝመንት ወጥቶ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ባሌ ስልኩን አስቀምጦ ዞረና ሲያየው እንደ ድሮው ፊቱ በራ። “ነገ ኮሌጅ አብረን እንሄዳለን። አፕግሬድ የሚያደርጉበት፣ የጎደለውን ትምህርት የሚያሟሉበት አለ። እኔ ነኝ የምጠይቅልህ፣ አንድም ነገር ሳልጠይቅ አልመለስም” አለው።

ልጄ አልተቆጣም። ቢቆጣልን ይሻል ነበር።

“ዳዲ፣ ያን ቀን እዛ ነበርኩ እኮ፣ ዩ ኖው” አለ። “እኔ እችላለሁ ብዬ ነበር የማስበው። አንተ ደግሞ ቲቸር ነህ፣ ታውቃለህ። ኖ ትላለህ ብዬ ዌይት አደረግኩ። አንተ፣ ላይክ፣ ታንክ ዩ አልካት። ሶ፣ አባቴም አይችልም ነው የሚለው፣ ትሩ ነው ማለት ነው አልኩ።”

 ባሌ ያን ሁሉ እሑድ ኩባያ በደረደረበት እጁ ብርጭቆ አንሥቶ ውሃ ቀዳለት።