ፎርማን ውስጥም "ማን" አለ

"እማማ፣ ኤም፣ ኤ፣ ኤን ያለባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ንገሪኝ" አለችኝ የልጅ ልጄ ዛሬ፣ ከትምህርት ቤት እንደገባች። የሰመራ ሙቀት አልበቃኝ ብሎ የቤት ሥራ!

"ማናጀር። ፎርማን" አልኳት ሳላስብ። ትምህርት ቤት ደጁንም አልረገጥኩም፤ እንግሊዝኛዬ መልካ ወረር ከጥጥ ጋር የተለቀመ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከወሎ ወርደን ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን እንለቅማለን። ወባ ሲያንቀጠቅጠው የሰነበተው አባቴ አንድ ቀን ጥጡ መሀል ወደቀ።

ማናጀሩ ከመኪናው ሳይወርድ "ማን ነው?" አለ።

ፎርማኑ፣ በየቀኑ "ቶሎ በል አንተ!" እያለ ሲጮህበት የሚውለው ሰውዬ፣ "ማንም አይደለም ጌታዬ፤ ለቃሚ ነው" ብሎ መለሰ።

"አባቴ ነው!" ብዬ ስጮህ መኪናው ሄዷል። አባቴም በዚያው ቀረ።

ልጅቷ ስትጽፍ ቆይታ "ሂውማን" ላይ ደረሰች። "ሰው ማለት ነው እማማ። እሱም ውስጥ 'ማን' አለ!"

አለ እንጂ ልጄ። እነሱ ግን አላዩትም።

አባቴ ይመር ይባላል። ዘግይቶም ቢሆን መልሱ ይኸው።

እናንተም እዚያ ጥጥ መሀል የቀረ ሰው ካላችሁ ስሙን እዚህ ጻፉልኝ። ማን ነበር?