ከአያ ልየው ጋር ያልጨረስነው ክርክር

አያ ልየው አረፉ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ነው የተደወለልኝ። "የቱ ልየው?" አልኩ። ሌላ ልየው የማውቅ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ከባጃጁ ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ጋሪው ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ አንድም ነገር አይሰማኝም። ሰላም ላለኝ ሁሉ ራሴን እነቀንቃለሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ አንድ ሰው ቀስቅሶኝ "ምን ያቃዥሻል?" ቢለኝ ደስ ባለኝ።

ለማታውቋቸው፦ አያ ልየው የወረዳችን ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ የገዥው ፓርቲ ሰው። እኔ አስተማሪ ነኝ። በምርጫው በተቃዋሚ በኩል የተፎካከርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያሸነፉኝም እሳቸው ናቸው። "ታዲያ አንቺ ምን አገባሽና ታለቅሻለሽ?" የምትሉኝ አትጠፉም። ቆዩ ልንገራችሁ።

የቅስቀሳው ሰሞን ነው። በማንኩሳ ገበያ ቀን ሁለታችንም ንግግር ነበረን። እኔ በጋሪ እየሄድኩ ሳለ የእሳቸው መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘሁት። ጋሪውን አስቆምኩና "ይሳፈሩ አያ ልየው፣ ተቃዋሚ አይናከስም" አልኳቸው። ሳቁና ጋሪው ላይ ወጡ።

የዚያን ቀን ጉም! የፈረሱ ጀርባ ይታያል፣ ጭንቅላቱ የለም። ግራና ቀኝ ያለው የበቆሎ ማሳ የት እንደገባ አይታወቅም። ካፊያው ሲጀምር ከአጠገቤ ካለው ክምር የእኔን ፖስተር አነሱና ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉት። የተቃዋሚዋ ፎቶ ከላይ፣ የገዥው ፓርቲ እጩ ከስር። እንደዚያው ሆነው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ባለጋሪው እንኳ ጅራፉን አላነሳም። እኔ ደግሞ ያ መንገድ ባያልቅ፣ ማንኩሳም ምርጫውም ባይመጣ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስንደርስ ጉሮሮዬ ጭራሽ ተዘግቷል። ሳምንቱን ሙሉ ስጮህ ከርሜ ብርዱ ጨረሰው። የተወዳደርኩት ደግሞ ለአንድ ነገር ነው፤ ለድልድይ። ሰኔ ላይ ወንዙ ሲሞላ ከማዶ ያሉት ተማሪዎቼ ለፈተና እንኳ አይደርሱም። መስከረም ሲጠባም የሚመለሱት ሁሉም አይደሉም። ይህን ለወላጆቻቸው የምነግርበት ቀን ያ የገበያ ቀን ነበር።

አያ ልየው ጠጋ አሉና "የምትይውን ለኔ ንገሪኝ" አሉኝ። ገበያው ላይ የጠበቀችኝ የፓርቲያችን ልጅ ነጠላዬን ጎተተችኝ፤ "ያጣምምብሻል፣ ተይው" አለች። ምን አማራጭ አለኝ? በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

የሞንታርቦውን ማይክ ይዘው ቆሙ።

"ይህች ልጅ ጉሮሮዋን አሟታል። ቃሏን የማደርሰው እኔ ነኝ። እንዲህ ትላለች፦ ልየው የሚባለው ሰው ድልድይ እሠራለሁ እያለ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስጠብቃችኋል። ልጆቻችሁ ማዶ ቀሩ። እሱን አትምረጡት፣ እኔን ምረጡኝ።"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ "አንተሳ ምን ትላለህ?" አሉ።

"የኔን ሌላ ቀን። ዛሬ የሷ ነው" ብለው ወረዱ።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ ቀላል ነው። "እኔ ሽምግልና ስቀመጥ የተጣሉትን አንዱን የሌላውን ቃል በራሱ አፍ አስመልሰዋለሁ። ባለቃሉ 'አዎ፣ ያልሁት ይኸንን ነው' ካላለው ወደ ዕርቁ አልሄድም። ምክር ቤት ስገባ ይኸ ይቀራል ያለኝ የለም እኮ።"

ካሸነፉ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥተው የድልድዩ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። የእኔ ሰዎች "ተሸጠች" አሉኝ። የእሳቸው ሰዎች "ለተቃዋሚ ወንበር የሚሰጥ የት አገር ታይቷል?" አሏቸው። ሁለታችንንም ሰድበውን ሲደክማቸው ተዉን።

ስብሰባ ላይ ቱግ ስል ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነው፦ "አንች ልጅ፣ መጀመሪያ ቃሌን መልሽልኝ፤ ከዚያ እንደ ልብሽ ተቃወሚኝ።" ያናድደኝ ነበር። ቃላቸውን ስመልስ ግማሹ ላይ ስደርስ ሰውየው እውነት አላቸው እላለሁ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሳንስማማ ቀረን። እሳቸው ድልድዩ ከላይ፣ ወንዙ የሚጠብበት ቦታ ይሁን ይላሉ፤ ዓለት ስላለ ጎርፍ አይወስደውም ባይ ናቸው። እኔ ከታች፣ ከትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ይሁን እላለሁ፤ ሕፃናት ያን ያህል ዳገት ወጥተው አይዘልቁትም። ቅዳሜ አብረን ሄደን ልናየው ተቀጣጥረን ነበር።

ዛሬ ጅጋ፣ እሳቸው ቤት፣ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። ከኮሚቴው አንዱ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ሊያጽናናኝ መሰለኝ፣ "እንግዲህ ድልድዩ ወደ ታች ይሆንልሻል። ካሁን በኋላ የሚከራከርሽ የለም" አለኝ። እስከዚያ ድረስ እንባዬን ይዤ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከልቤ አለቀስኩ።

አያ ልየው፣ አሁንም ከታች ይሁን እላለሁ። ዓለቱን ግን በዓይኔ አላየሁትም። ምናልባት እውነቱ ከእርስዎ ጋር ይሆናል፤ ምናልባትም ዳገቱን ቢያዩት እርስዎ ራስዎ ይተዉት ነበር። ይህን ማን ይነግረኛል? እሺ የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ሰምቶኝ እንቢ የሚለኝን ነው ያጣሁት።

መንገድዎን ያቅናልዎት። እንዲህ ላሸንፍዎ አልፈለግሁም ነበር።