በስንት ትራስ?

እማማ ደመቀች በእስራኤሏ ቤርሼባ ገበያ፣ ከታሃና መርካዚት፣ ከዋናው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ፣ ጎመንና ቃሪያ ሲሸጡ አፋቸው ሥራ አይፈታም። ቃሪያ እያገላበጠ የሚያስቸግር ደንበኛ ከመጣማ «አንተ፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልታጨው?» ይሉታል። ሰውየው ይስቃል፤ ስቆም ይገዛል። ያመመው ጎረቤት ሲያዩ ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ሐኪም ቤት ድረስ የሚጎትቱት እሳቸው ናቸው። ተረቱ የጠፋባቸው ለራሳቸው ሲሆን ነው።

ጡታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ በቀዶ ጥገና ከወጣላቸው በኋላ፣ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ሐኪሟ ዶክተር ጋል ገና ከጅምሩ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። መድኃኒቱ ካንሰሩ እንዳይመለስ ይከላከላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ልብን ያደክማል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ልባቸው በኤኮ፣ ማለትም በአልትራሳውንድ፣ ይታያል። በመሃል ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም እግራቸው ካበጠ ቶሎ ይናገሩ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ባት-ኤል አንድም ሳታስቀር ተረጎመችላቸው። እሳቸውም «እሺ፣ ገብቶኛል» አሉ።

የመጀመሪያው ኤኮ ደህና ወጣ። ሁለተኛው ቀጠሮ ፋሲካ ሰሞን ላይ ዋለ። እንግዲህ ገበያው እንደዚያ ደርቶ እያለ ሆስፒታል የሚውል ማን ነው? «ልቤ የት ይሄድብኛል? ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል» ብለው አዛወሩት።

መድኃኒቱን ሊወስዱ በሄዱ ቁጥር ግን ዶክተር ጋል «ማ ሽሎሜኽ? እንዴት ነሽ?» ትላቸዋለች። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ባት-ኤልም «ደህና ናት» ብላ በዕብራይስጥ ታቀብላለች። ሦስቱም ተደስተው ይለያያሉ።

አንድ ምሽት ባት-ኤል ወጥ ስታሞቅ፣ እናቷ ቂርያት ጋት ካለችው እህታቸው ከትብለጥ ጋር ስልክ ይዘዋል። ለእህት የማይነገር የለም።

«ተይኝ እባክሽ ትብለጥ። ደረጃውን ስወጣ መሃል ላይ ቁጭ እላለሁ። ጋደም ስል ደግሞ ትንፋሼ እጥር ይላል፤ በሦስት ትራስ ተደግፌ ነው የሚነጋልኝ።»

ባት-ኤል ምድጃውን አጠፋችና እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ ጠየቀች፦ ኢማ፣ እማዬ፣ ለምን ለዶክተሯ አልነገርሻትም?

«ሰላም ብላ ለጠየቀችኝ ሰው ሕመሜን ላሸክማት? ነውር አይደለም እንዴ?»

ልጅቷ የዶክተሯ ጥያቄ ሰላምታ ሳይሆን ሥራዋ ነው አለቻቸውና፣ በማግስቱ ሆስፒታል ወስዳ የሦስቱን ትራስ ነገር ለዶክተሯ ተናገረች።

ያኑ ዕለት ኤኮ ታዩ። ልባቸው ደክሟል። ዶክተር ጋል አልተቆጣችም፤ መድኃኒቱን ለጊዜው አቋርጣ የልብ ኪኒን ሰጠቻቸው። ያኔ ነው የፈሩት። መድኃኒቱ ከቆመ ካንሰሩ ይመለስ ይሆናል፣ ከቀጠለ ልባቸው አይችልም፤ ወዴት ይሂዱ? ያ በገበያ የማይቻል አፋቸው ተይዞ፣ አውቶቡስ ውስጥ በነጠላቸው ተሸፍነው አለቀሱ። ባት-ኤል ግን «ሃኮል ቤሴዴር» አለቻቸው፤ ሁሉም ደህና ነው ማለቷ ነው። ያን ሰሞን ከአፏ ሌላ ቃል አልወጣም።

ኪኒኑን ሳያጓድሉ ዋጡ። ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ሲታዩ የልባቸው ጉልበት ተመልሷል፤ መድኃኒቱም ይቀጥላል ተባለ። ዶክተር ጋል ከዚያ ወዲህ እንዴት ነሽ ማለቱን ትታዋለች። «በስንት ትራስ?» አለቻቸው።

«በአንድ» አሉ እማማ ደመቀች እየሳቁ። «እሱንም ለወጉ ነው።»

ሲወጡ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

«ቤሴዴር» አለች ባት-ኤል ስልኳን እያየች።

«በስንት ትራስ?»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ ሳቁ አልመጣላትም። ከእናቷ ጋር ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምታወራው ልጅ በአማርኛ መለሰች።

«አልተኛም ኢማ። ሌሊት በርሽ ላይ ቆሜ ትንፋሽሽን አዳምጣለሁ።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። እማማ ደመቀች ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ሹፌሩን ሂድ በሚል እጃቸውን አወዛወዙለት።