ሳልቀምስ ያቀረብኩት ጣፋጭ

ልጅ እያለሁ በእኛ ቤት በሁዳዴ የሚያበስል ሰው አይቀምስም ነበር። እናቴ ከሰቆጣ ገበያ ከፍ ብላ በምትገኘው ባለ አራት ጠረጴዛ ምግብ ቤቷ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ወጥ የምትሠራው በአፍንጫዋና በጆሮዋ ነበር። የሽሮውን መብሰል ከድስቱ ድምፅ ታውቃለች። የጨውን ልክ ከእንፋሎት እንዴት እንደምትለይ ግን ዛሬም አልገባኝም።

ቅበላ ሲያልፍ ቤቱ ይለወጣል። ቅቤ የነካው ሸክላ ሁሉ በአመድና በፍል ውሃ ይታጠብና ቆጡ ላይ ይደፋል፤ በምትኩ የጾሙ ድስቶች ይወርዳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የተቆላ ሱፍ፣ ነጭ ሽንኩርትና ስናፍጭ ይሸታል። ደንበኞቻችን ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ፣ ሚስት ያላመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። በፍስክ ወር በየምግብ ቤቱ ይበተናሉ፤ በሁዳዴ ግን ተሰብስበው የሚመጡት ወደ እኛ ነው። «እትዬ ሙሉ ቤት የበላ ጾሙ አይፈታበትም» ይባል ነበር። የምንኖረውም በዚያ ቃል ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ጊዜ የክሊኒኩ ድሬሰር ጋሽ ታደሰ በልተው እጃቸውን እየታጠቡ፣ በአገራቸው በደሴ ሰው ምግቡን ሲጨርስ አንድ የሚጣፍጥ ነገር እንደሚቀርብለት ተናገሩ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ኪሮስ የማይስቁ ሰው ነበሩ። የደሴ ሰው ወጡ ስለማያጠግበው ይሆናል ብለው መለሱላቸው። እናቴ ሳህን ማንሳቷን ቀጠለች። እኔ ግን ነገሩን ያዝኩት። ፊደልን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ብቻዬን የለየሁ ልጅ ነበርኩ፤ የሰማሁትን ነገር ሳልሞክር መተው አልችልም ነበር።

አባቴ ደሃና ወረዳ ያርስ ስለነበር በየገበያ ቀኑ ነጭ ማር ይዞልን ይመጣል። የገብስ በሶ በማርና በሱፍ ውሃ ለወስኩ። የመጀመሪያው ቀጠነ፣ ሁለተኛው ተፈረፈረ። በመጨረሻ ሁለት ስኒ በሶ፣ አንድ ስኒ ማርና ግማሽ ስኒ የሱፍ ውሃ ልኩ ሆኖ ተገኘ። የትንሽ ሎሚ ያህል አድርጌ አድቦለቦልኩና በተቆላ ሱፍ አንከባለልኩት። መቅመስ ስለማልችል የአራት ዓመቷ እህቴ ለምለም ትቀምስልኝ ነበር፤ የሰጠኋትን ሁሉ «ጣፈጠ» ትላለች። እናቴ አንዱን ቆርሳ አሸተተችና ለደንበኞቹ እንዳቀርብ ፈቀደችልኝ። ለንስሐ አባታችን ለቄስ ወልዱም በየቀኑ ስድስት ፍሬ በሳህን ትልክላቸው ጀመር፤ እሳቸው ምግብ ቤት አይገቡም ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ ብርዱ ማሩን እንደ ድንጋይ አድርቆት አደረ። ማር የማሞቅባትን ትንሽ ድስት እናቴ ምስር ጥዳባታለች። ቆጡ ላይ ተንጠራርቼ የምታህላትን አወረድኩ። ንጹሕ ናት፤ አሸተትኳት፣ ምንም አትሸትም። ፍም ዳር አስጠግቼ ማሩን አሞቅሁባት። የማሩ ሽታ ጓዳውን ሞላው። ለምለም አንዱን በልታ ያለ ወትሮዋ ሌላ ጠየቀችኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደንበኞቹ ገቡ። የዚያን ቀን ጣፋጩ ተሻሙበት። አቶ ኪሮስ ሦስት በሉ። ጋሽ ታደሰ ደሴን አስረሳኸኝ፣ ዛሬ ምን ጨመርክበት ብለው ጠየቁኝ፤ ምንም አልጨመርኩም አልኩ፣ ያመንኩትም እንደዚያ ነበር። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ድስቷን በሞቀ ውሃ ሳጥብ ከሸክላው ውስጥ ኮሰረትና ኮረሪማ ሸተተኝ። የቅቤ ማንጠሪያዋ ድስት ነበረች። ስትቀዘቅዝ የደበቀችውን ስትሞቅ አውጥታዋለች።

ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ ደንበኞችና አንድ ቄስ። ነገሩ ከወጣ በሁዳዴ እኛ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም፤ ካልወጣ ደግሞ የዐሥራ ሁለት ሰው ጾም እኔ ላይ ነው። ማርን ከዚያ ወዲያ መንካት ፈራሁ። እናቴ ስትጠይቀኝ በሶው አለቀ ብዬ ዋሸሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቄስ ወልዱ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ «አባ፣ ጾምዎን አስፈታሁዎት» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አንዷን ስገምሳት ኮሰረት ሸተተኝ» አሉ። «ንብ ደግሞ ኮሰረት አታነጥርም። የቀረውን ለልጅ ልጄ ሰጠሁት። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ አባ?»

«የሠራው ሰው ራሱ ይመጣ እንደሆነ ብዬ።»

ለሳምንት በየቀኑ ዐሥራ ሁለት ስግደት እንድሰግድ አዘዙኝ፤ ለያንዳንዱ ለበላ ሰው አንድ። ቀላል ቀኖና ነው ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «እኔስ ሰማሁህ፤ ሌሎቹ ግን የእናትህ እንግዶች ናቸው። ለእሷ ንገራት።»

እናቴ ሱፍ እያጠለለች ነበር። ስነግራት እጇ ቆመ። ስትደነግጥ እንደምታደርገው በአገሯ ቋንቋ በኽምጣንጋ ለራሷ አንድ ነገር አለች፤ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። ምግቡ አልወጣም። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ድስቷን ይዛ መሀል ላይ ቆመች። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ።

«ሰኞ ዕለት የበላችሁት ጣፋጭ በዚች ድስት የሞቀ ማር ነበረበት» አለች። «ድስቷ የቅቤ ናት። ልጁ አላወቀም፤ ካጠገቡ ያላራቅኋት እኔ ነኝ። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። መሄድ የሚፈልግ ካለ ቅር አይለኝም።»

አንድ ወጣት አስተማሪ ተነሥቶ ወጣ፤ እስከ ፋሲካ አልተመለሰም። ቀጥሎ ሌላ ወንበር ተንቋቋ። የተነሡት አቶ ኪሮስ ነበሩ። እሳቸው ከወጡ ሌላው እንደሚከተል አውቃለሁና ዐይኔን ጨፈንኩ። የእርምጃ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ቆመ። ዐይኔን ስገልጥ ድስቷን ከእናቴ እጅ ተቀብለው፣ አፍንጫቸውን አስገብተው ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ።

«እትዬ ሙሉ» አሉ መልሰው እየሰጧት፣ «ይቺን እስከ ፋሲካ ከፊቴ ያርቁልኝ። ፈተና ናት።» ከዚያም ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ጋሽ ታደሰ ሳቁ። ደሴን ያስረሳኝ ለካ ቅቤ ኖሯል ሲሉ ሌሎቹም ሳቁ፤ አንዱ ሽሮው ይምጣ አለ። እኔ በበሶው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ሰሃን ልትወስድ ስትገባ አየችኝና፣ ተነሥና አቅርብ፣ ሰው እየጠበቀ ነው አለችኝ። በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት ምድጃው ዳር አንገቷ ላይ ነጭ ክር የታሰረባት አዲስ ትንሽ ድስት አገኘሁ። የማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም።

አሁን ከሰቆጣ ርቄ ነው የምሠራው፤ በሁዳዴም ምግብ ቤት እበላለሁ። ሽሮውም ምስሩም ደህና ነው፤ ሻይ ቤት ጎራ ካልኩም በስኳር የተንቆጠቆጠ ጣፋጭ አለ። የሚያበስሉልኝን ሰዎች አላውቃቸውም፣ እነሱም አያውቁኝም። ምናልባት አይሳሳቱም ይሆናል። ቢሳሳቱ ግን ወጥቶ የሚነግረኝ እንደሌለ አውቄ እጎርሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጭንቅ አልፎልኛል፤ በዚያ ሐሙስ በጆንያው ላይ እንደቀለለኝ ግን ቀልሎኝ አያውቅም።